ገንዘቡን ለብዕሩ
ከቆርቆሮ ታፔላ ወደ ስክሪን የሚሻገሩ የሚዛንና የቴፒ ሠዓሊዎች የትኛው ሶፍትዌር ያዋጣቸዋል?

ሚዛን ውስጥ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ዝናብ ቶሎ አያባራም። ታፔላ ሠሪው ገና ያልደረቀውን ቆርቆሮ ከበረንዳው ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ገርበብ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። በእርሳስ የተሳለ የቡና ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ወጥተዋል፤ ጠርዛቸው ሞገድ ሞገድ ይላል። ፍሬው ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ በሚገናኙበት አንጓ ላይ ተሰብስቦ ተጣብቋል። “ብዙ ሰው ቅጠሉን አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እያዛነፈ ይስለዋል” አሉኝ። “ቡና እንደዚያ አይወጣም። አንድ ቀን በበቃ የቡና እርሻ ውስጥ የዋለ ሰው ይሄን አይስተውም።”

ሥዕሉ የታዘዘው ቡናውን ቆልቶና ፈጭቶ በከረጢት አሽጎ ለመሸጥ ባሰበ አንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ንድፉን ሲያይ ወዶታል። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ግን “ፋይሉን ላኩልኝ” ብሎ ነው። የእህታቸው ልጅ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከች። ማተሚያ ቤቱ መለሰው፤ የወረቀቱ ጥላ ይታያል፣ መስመሩ ሲሰፋ ይበተናል፣ ጀርባው ነጭ አይደለም።

“ጋሼ፣ በኮምፒዩተር እንደገና ቢስሉትስ?” አለቻቸው።

“በምኑ? በዚያች በአይጥዋ?” አሉ ሠዓሊው፣ የኮምፒዩተሩን ማውዝ በአገጫቸው እያመለከቱ። “አንቺ ልጅ፣ በሳሙና ልጻፍ ብትይኝ ይሻለኛል።”

ከቦንጋ እስከ ሚዛን፣ ከቴፒ እስከ ማሻ ባሉ ከተሞች በእጅ የሚጻፍ ታፔላ እያነሰ፣ በየመንገዱ የሚሰቀለው ባነር እየበዛ ሄዷል። ሱቅ የሚከፍት ሰው ጠዋት ያዘዘውን ባነር ማታ ሊሰቅል ይችላል። እጃቸው የተካነ ሰዎች ከገበያው የሚገፉት ሥዕላቸው ማተሚያው በሚያነበው መልክ ስለማይደርስለት ነው። በነሱ ቦታ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተለቀመ፣ የብራዚል ይሁን የቬትናም የማይታወቅ የቡና ፎቶ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። የቡና መገኛ በሆነ ምድር ላይ የቡናው ከረጢት የሰው አገር ቅጠል ለብሶ መውጣት የለበትም።

ስለዚህ ጥያቄው የዕለት እንጀራ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌር ለመግዛት ብዙ ገንዘብ የሌለው፣ ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት፣ መብራት የሚሄድበት ሠዓሊ ምን ይያዝ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሶፍትዌሩ በነጻ፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ ይገኛል። ያለችው ጥቂት ገንዘብ በሙሉ ለብዕሩ ትዋል።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው በፍላሽ የተላለፈ “ክራክ” ፎቶሾፕ ነው። ከጓደኛ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ይመጣል፤ ለመጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል። ይህች አንዲት ትእዛዝ ብቻ ልታስጠነቅቀን በተገባ ነበር። የቤቱን በር ክፈትና ተኛ የሚል እንግዳ የለም። ቫይረሱ ሲገባ የሚጠፋው ፕሮግራሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሚጠፋው የደንበኛው ፋይል፣ ያልተከፈለበት ሥራ፣ አንዳንዴም በዚያው ላፕቶፕ ላይ ያለ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። የሌላ ሰው ድካም ሳይከፈልበት መወሰዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሥዕሉ ሲሰረቅበት የሚያመው ሰው ይሄን አያጣውም።

ታዲያ ገዝቶ መጠቀምስ? ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀውን ሽያጭ እየተወ ወደ ወርሃዊ ኪራይ ዞሯል። ፕሮግራሙ ብቻውን በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለሆነ፣ ኪራዩ በወር ከ2,000 ብር፣ በዓመት ከ24,000 ብር ያልፋል። ብሩ ቢኖር እንኳ የሚከፈልበት መንገድ አስቸጋሪ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የአገር ውስጡን ክፍያ አቅልሎታል፤ የባሕር ማዶው ድርጅት ግን የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ ካርድ ነው። በዚያ ላይ ፈቃዱ በየጊዜው በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት። ኪራዩ የተቋረጠ ዕለት የራስን ፋይል የሚከፍተው ፕሮግራም ይዘጋል። ለአዲስ አበባ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ያዋጣ ይሆናል፤ ለሚዛን ታፔላ ሠሪ አያዋጣም።

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚታዩት ወጣት ሠዓሊዎች ደጋግመው የሚያነሱት ፕሮክሪኤት ግሩም ፕሮግራም ነው፤ 12.99 ዶላር አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። የሚሠራው ግን በአይፓድ ላይ ብቻ ነው። አይፓዱና ብዕሩ ሲደመሩ የብዙ ታፔላ ዋጋ ስለሚሆኑ እዚህ ላይ አልቆይበትም።

ብዙ የምቆይበት ክሪታ ላይ ነው። ክሪታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ፣ ኬዲኢ በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ፣ ለሥዕል ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ፎቶሾፕ ስሙ እንደሚለው ከፎቶ ተነስቶ ወደ ሥዕል የመጣ ሲሆን ክሪታ ትኩረቱ ብሩሽ ላይ ነው። የእርሳስ፣ የከሰል፣ የዘይት ቀለም፣ የውኃ ቀለም ብሩሾች አብረውት ይመጣሉ። ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽ ለጓደኛ መስጠት ራሱ በሕግ የተፈቀደ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለደቡብ ምዕራብ ከተሞች ትልቅ ነገር ናት። አንድ ሰው ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ያወረደውን አምስት ሱቅ ሊካፈለው ይችላል፤ ማንም አይደበቅም።

ነጻ ነገር ለጀማሪ እንጂ ለባለሙያ አይሆንም የሚል ሰው ካለ ፈረንሳያዊው ሠዓሊ ዳቪድ ረቮይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ “ፔፐር ኤንድ ካሮት” የተባለውን የሥዕል ተረት በክሪታ እየሣለ ለዓለም በነጻ ሲያወጣ መቆየቱን ይመልከት። ሙያው የሚታየው በእጁ ነው።

ጊምፕም ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ አንጋፋ ነው። ለፎቶ ማረሚያ እመርጠዋለሁ፤ በብሩሽ ውሎ ለሚያድር ሠዓሊ ግን ክሪታ ይቀለዋል።

የሠዓሊው የእህት ልጅ ላፕቶፕ አራት ጊጋባይት ሜሞሪ ያላት አሮጌ ናት። ክሪታ ይሠራባታል፤ የሚሠራው ግን የሥዕሉን ስፋት አስቀድሞ ላሰበ ሰው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። በኤ4 ወረቀት ልክ፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲከፈት ሸራው 2,480 በ3,508 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ስለሚያዝ አንድ ሙሉ ሌየር፣ ማለትም አንዱ የሥዕል ንብርብር፣ ወደ 35 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሃያ ሌየር 700 ሜጋባይት ነው። ይሄን ላፕቶፕዋ ትችለዋለች። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባነር በዚያው በ300 ከተከፈተ ግን አንዱ ሌየር ብቻ ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ ማሽኑ ይቆማል። ባነር ከሩቅ የሚታይ ነገር ስለሆነ 72 ነጥብ በኢንች ይበቃዋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሌየር ወደ 64 ሜጋባይት ይወርዳል። “ኮምፒዩተሬ አይችልም” ብለው ሥራ ከሚተዉት ሰዎች ብዙዎቹን የሚያሰናክላቸው ሸራ ሲከፍቱ የሚሞሉት ይህ አንድ ቁጥር ነው።

መብራት ሲሄድስ? ክሪታ በየጥቂት ደቂቃው ሥራውን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ሲመለሱ “የተረፈ ፋይል አለ፣ ልክፈተው?” ይላል። የጊዜውን ርዝመት ማሳጠር ይቻላል። ባትሪዋ የደከመች ላፕቶፕ ያለው ሰው ፕሮግራሙን እንደጫነ መጀመሪያ ሊያስተካክለው የሚገባው ይሄን ነው።

ኮምፒዩተር የሌለው ሰውም መንገዱ አልተዘጋበትም። አይቢስ ፔይንት የተባለው የጃፓን አፕ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ፤ በተራ አንድሮይድ ስልክ ይሠራል፤ ሌየር አለው፤ ሥዕሉ ሲሳል የነበረውን ሂደት በቪዲዮ ያስቀራል። በነጻ ሲጠቀሙበት ማስታወቂያ ያሳያል፤ አንዳንድ ብሩሾች ማስታወቂያ ታይቶ ካልሆነ አይከፈቱም፤ ለዳታ የሚቆጥብ ሰው ይሄን ይወቅ። ስኬችቡክ የተባለው አፕም ቀላልና ንጹሕ ነው። ክሪታ ለአንድሮይድ ቢኖርም ለሰፊ ታብሌት የታሰበ ስለሆነ በስልክ ስክሪን ላይ አይመከርም። ስልክ ለመለማመጃና ለንድፍ ይበቃል፤ በስልክ ብቻ የከረጢት ዲዛይን ጨርሶ ለማተሚያ ቤት ማስረከብ ግን ዓይንንም ትዕግሥትንም ይፈጃል።

አሁን ወደ ብዕሩ እንምጣ። ጣት የግፊት ልዩነት አያስተላልፍም። ቀጭን ጀምሮ ወፍሮ በቀጭን የሚያልቅ መስመር የታፔላ ሠሪ ሙሉ ሀብቱ ነው፤ የ“ሚ”ን እግር፣ የ“ዛ”ን ጭራ የሚያወጣው ይህ ነው። በጎማ ጫፍ ስታይለስ ወይም በማውዝ ሲሳል ያ ሁሉ ሀብት ይቀራል። ፔን ታብሌት የሚባለው ዝርግ ሰሌዳ ግን የእጁን ግፊት ይለካል። ስክሪን የሌለው ዓይነት ርካሹ ነው፤ የዋኮም ስም ቢገንም ሁዮንና ኤክስፒ ፔን የሚሠሯቸው ትናንሾቹ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ ብዕራቸው ባትሪ የለውም፤ ሰሌዳው በሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ኃይል ያገኛል፣ ስለዚህ ቻርጅ አይጠይቅም። አንዳንድ ሞዴሎች በኦቲጂ ገመድ ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም ይገጥማሉ፤ ሲገዙ ይሄን መጠየቅ ነው።

ሠዓሊው ከጎረቤት ዲዛይነር ለአንድ ከሰዓት በኋላ የተዋሱትን ሰሌዳ ይዘው የመጀመሪያውን መስመር ሲያወጡ አይቻለሁ። ክብ ሊስሉ ፈልገው እንቁላል ወጣላቸው። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም እንቁላል። ፊታቸው ተለወጠ፤ ያን ሁሉ ዘመን ክብ የሣለ እጅ ክብ እምቢ ሲለው ማየት ከባድ ነው። ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም። ሰሌዳውና ስክሪኑ የቁመትና የስፋት ምጣኔያቸው ሲለያይ ሰሌዳው ላይ የተሳለው ክብ ስክሪኑ ላይ ይለጠጣል። ከሰሌዳው ጋር በሚመጣው ማስተካከያ ውስጥ ገብታ የእህታቸው ልጅ ምጣኔውን ከስክሪኑ ጋር እኩል ስታደርገው፣ ቀጣዩ ክብ ክብ ሆነ። “በይ እንግዲህ” አሉ፣ ወንበራቸውን እያስጠጉ።

ሁለተኛው ችግር ዓይን ነው፤ እጅ ከታች፣ ዓይን ከላይ። ብሩሹ የሚነካበትን ቦታ ሲያይ ለኖረ ሰው ይሄ ያደናግራል፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ካልተለማመዱት አይገራም። ሦስተኛው ደግሞ ማንም የማይነግራቸው ነው፦ ፕሮግራሞቹ የሚንቀጠቀጥ እጅን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አላቸው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። በረጅም ብሩሽ ቆርቆሮ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያወጣ ለኖረ ሰው ግን መስመሩ ከእጁ ኋላ እየቀረ ያበሳጨዋል። አጥፉት፤ እጃችሁን እመኑት።

ሌየር የሚባለውን ነገር እንደ አዲስ ፈሊጥ የሚያዩት አሉ። አሠራሩ ግን ከእኛው ሥዕል ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀድሞ ንድፉ ይወጣል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ክፍል በወጥ ቀለም ይሞላል፣ በመጨረሻ ጥቁሩ መስመር ከላይ ተመልሶ ይጠነክራል። የኮሚክ ሠዓሊዎች ዛሬ በክሪታ የሚሠሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መስመሩ በአንድ ሌየር፣ ወጡ ቀለም ከሥሩ በሌላ፣ ጥላው በሦስተኛ። በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት ዓለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ ወጥተው ቺካጎ የተማሩ ነበሩ። መሣሪያ ሲለወጥ የቀደመው ሙያ እንደማይጣል በእሳቸው ሕይወት ይታያል። ትምህርት ቤታቸው ግን ከሚዛን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እዚህ ያለው ሰው የሚማረው ከጎረቤቱ ነው።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ይመጣል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ክሪታ ለሥዕል የበረታውን ያህል ለጽሑፍ አይመችም። ለፊደል፣ ለአርማና ለከረጢት አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ኢንክስኬፕ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ኢንክስኬፕ መስመሩን የሚያስቀምጠው በነጥብ ሳይሆን በቅርጽ ስሌት ስለሆነ በአውራ ጣት ልክ የተሠራ አርማ ለመኪና ጎን ቢሰፋ አይበተንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። በየጽሕፈት ቤቱ ያሉት ዩኒኮድ ያልሆኑ የድሮ ፎንቶች ግን ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈቱ “ቡና” የነበረው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው፤ ኢንክስኬፕ ውስጥ በአንድ ትእዛዝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፎንቱ ቢኖርም ባይኖርም ፊደሉ አይናጋም። ታፔላ ሠሪ ደግሞ ከፎንት የተሻለ ነገር አለው፦ ፊደሉን በእጁ ጽፎ፣ ስካን አድርጎ፣ ኢንክስኬፕ ውስጥ ወደ መስመር ይለውጠዋል። ያን ፊደል ሌላ ማንም የለውም።

ቀለሙም ያታልላል። ስክሪን የሚያሳየው በብርሃን ነው፤ ማተሚያ የሚሠራው በቀለም። የደረሰ እሸት ቡና ደማቅ ቀይና የቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲያርፉ ይደበዝዛሉ። ክሪታ ሲኤምዋይኬ በሚባለው የኅትመት የቀለም ሥርዓት መሥራት ይችላል፤ ቢሆንም ከሁሉ የሚያስተማምነው አምስት ስድስት ዓይነት ቀይ ጎን ለጎን ደርድሮ ትንሽ ቁራጭ ማሳተምና የሚፈለገውን በዓይን መምረጥ ነው። ቀለም ቀላቅሎ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ እየሞከረ ለኖረ ሰው ይሄ አዲስ ልማድ አይሆንበትም።

የዚህ ሁሉ ልፋት ጥቅም የት እንደሆነ ለማየት ጌሻ ቡናን ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚህ አካባቢ ደን የተወሰደው ዘር በኬንያና በታንዛኒያ፣ ቀጥሎም በኮስታሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው አገር ውድድር አሸንፎ ዓለም የሚሻማበት ቡና ሆነ። ዛሬ ስሙ የተጻፈበት ከረጢት በየአህጉሩ ይሸጣል፤ በከረጢቶቹ ላይ ያለውን ሥዕል የሣሉት ግን ጌሻን አይተው የማያውቁ እጆች ሊሆኑ ይችላሉ። የቤንች፣ የሸኮ፣ የካፋ፣ የመዠንግር ሰው ቡናውን ራሱ ቆልቶ ራሱ አሽጎ መሸጥ በጀመረበት በዚህ ጊዜ፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ እንደሚወጣ የሚያውቀው ሠዓሊ ከሥራው ውጭ መሆን የለበትም። ከረጢት ብቻም አይደለም። በሥራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው “ጀምበር” የተሰኘ የኮሚክ መጽሐፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ የአገር ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገው “ጥበብ ገርልስ” የተባለው ካርቱን የተሳለውም እዚሁ አገር ቤት ነው። ለትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ለጤና ማስተማሪያ፣ ለሸካ ደን አስጎብኚ ወረቀት የሚያስፈልገው ሥዕል ሁሉ የሚታዘዝለት ሰው ይፈልጋል።

ወጪውን ልደምረው። ክሪታ፣ ኢንክስኬፕ፣ ፎንቶቹ፦ የማውረጃ ዳታ ብቻ። ያገለገለች ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ካለች ከእሷ መጀመር ይቻላል። የሚገዛው ትንሹ ፔን ታብሌት ነው፤ ሁለት ሦስት ሠዓሊ ተጋርቶ ቢገዛውም ያዋጣል። የሰሌዳው የላይ ሽፋንና የብዕሩ ጫፍ እያለቁ ስለሚሄዱ መለዋወጫ ጫፉ አብሮ መኖሩን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ሚዛን ላይ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የሚቀረው የማስተማሩ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጠው በቴፒ ግቢው ነው። ክሪታም ኢንክስኬፕም ምንጫቸው ክፍት ስለሆነ የትእዛዝ ዝርዝራቸውን ወደ አማርኛ መተርጎም ለማንም ፈቃደኛ የተፈቀደ ነው፤ ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የክረምት ሥራ ይሆናል። በልዋጩ ሠዓሊዎቹ ለተማሪዎቹ መስመር ማውጣት ያስተምሯቸው። ታፔላ ሠሪው ይሄን ስነግራቸው ወዲያው የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። “ቅዳሜ ከሆነ ሱቁን ከሰዓት በኋላ እዘጋለሁ” አሉ፤ “ወንበሩን ግን እነሱ ይዘው ይምጡ፣ እኔ ጋ ያሉት ሁለት ናቸው።”